አረጋውያንና የጤና መድን

ሰው በሕይወት ዘመኑ የሚያገኘው ገቢና የሚያስፈልገው ሕክምና አብረው አይሄዱም። በጉብዝናው ወራት ጉልበቱ ይበረታል፤ ገቢውም ከፍ ይላል፤ የሚታመመው ግን አልፎ አልፎ ነው። በእርጅናው ዘመን ጉልበቱ ይደክማል፤ ገቢው ይቀንሳል ወይም ፈጽሞ ይቋረጣል። በዚያው ልክ የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ የልብ ድካም፣ የዐይን ሞራ፣ የመገጣጠሚያ ሕመምና እነዚህን የመሳሰሉ ደዌዎች ይጸኑበታል። ከእነዚህም ውስጥ ብዙዎቹ አንድ ጊዜ ታክመው የሚድኑ ሳይሆኑ፣ ዕድሜ ልክ ክትትልና መድኃኒት የሚጠይቁ ናቸው። እንግዲህ ሰው ገንዘብ በሚያገኝበት ጊዜ ሐኪም እምብዛም አያስፈልገውም፤ ሐኪም እጅግ በሚያስፈልገው ጊዜ ደግሞ ገንዘብ ያጥረዋል ማለት ነው። የጤና መድን የሚባለው ሥርዓት የታሰበው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው።

በቀድሞው አኗኗር ክፍተቱን የሚሞላው ልጅ ነበር። «ጧሪ ቀባሪ» የሚለው አነጋገር ልጅ ለወላጁ ያለበትን የውለታ ዕዳ ባጭሩ ይገልጻል። ወላጅ ሲያረጅ ልጅ ያርስለታል፤ ሲታመም ወደ ሐኪም ይወስደዋል፤ ሲሞትም በወግ በማዕርግ ይቀብረዋል። ይህ መልካም ልማድ ዛሬም አልጠፋም። ነገር ግን ልጆች ለትምህርትና ለሥራ ወደ ከተማና ወደ ውጭ አገር በመሄዳቸው፣ የእርሻ መሬት በመጥበቡና የሕክምና ዋጋ በመናሩ ምክንያት ሸክሙ ለአንድ ጧሪ ብቻ የሚቻል አልሆነም። ለአባቱ ሕክምና በሬውን የሚሸጥ ገበሬ በሚመጣው ክረምት የሚያርስበት አይኖረውም። በሬው ከሌለ እህል አይኖርም፤ እህል ከሌለም ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሊቀሩ ይችላሉ። በዚህ ዓይነት የአንድ አረጋዊ ሕመም የሦስት ትውልድ ችግር ይሆናል።

መድን ማለት ዋስ ማለት ነው። የጤና መድንም ብዙ ሰዎች በደኅናው ጊዜ ጥቂት ጥቂት ገንዘብ አዋጥተው በአንድ የጋራ ሣጥን የሚያስቀምጡበትና ከመካከላቸው የታመመው የሚታከምበት ሥርዓት ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር የአሠራሩን ምንነት በሚገባ ያስረዳል። ነገሩን በአኃዝ ለመመልከት ያህል፣ በአንድ ቀበሌ 100 ቤተሰቦች ቢኖሩና እያንዳንዳቸው በዓመት 500 ብር ቢያዋጡ 50,000 ብር ይሰበሰባል። በዚያ ዓመት 10 ቤተሰቦች ብርቱ ሕመም ቢገጥማቸውና ለእያንዳንዳቸው 4,000 ብር ቢያስፈልግ፣ ወጪው በጠቅላላው 40,000 ብር ይሆናል። የተረፈው 10,000 ብር ለሥራ ማስኬጃና ለክፉ ቀን መጠባበቂያ ይውላል። መድኑ ባይኖር ኖሮ ግን አሥሩ ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው 4,000 ብር ከየት እንደሚያመጡ ሲጨነቁ፣ የቀሩት ዘጠናው አዝነው ከመመልከት በቀር ሊያደርጉላቸው የሚችሉት ብዙ አይደለም።

ይህ ሥርዓት የሚጸናው ጤነኛውና ሕመምተኛው፣ ወጣቱና ሽማግሌው በአንድ ሣጥን ሲያዋጡ ነው። ከላይ በተጠቀሰው ቀበሌ በሽታ የሚያሠጋቸው 20 ቤተሰቦች ብቻ ቢመዘገቡ የሚሰበሰበው 10,000 ብር ብቻ ይሆናል። አሥሩ ሕመምተኞች በሙሉ ከእነዚህ መካከል ከሆኑ ግን ወጪው ያው 40,000 ብር ነው። ሣጥኑ ገና ዓመቱ ሳይጋመስ ይራቆታል። ከዚህ የተነሣ ወጣቱ «እኔ ጤነኛ ነኝ፤ ለምን አዋጣለሁ?» ብሎ የቀረ እንደሆነ መድኑ ይፈርሳል። በአንጻሩ ደግሞ ትርፍ ፈላጊ መድን ሰጪ ብዙ ወጪ የሚያስከትሉትን አረጋውያን ከመዝገቡ ለማራቅ ይሞክራል፤ ወይም ሊከፍሉት የማይችሉትን ዋጋ ይጠይቃቸዋል። በብዙ አገሮች መንግሥት በሕግ ጣልቃ የገባው ስለዚህ ነው።

በዓለም ታሪክ በሕግ የተደነገገ አገር አቀፍ የጤና መድን መጀመሪያ የታየው በጀርመን አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1883 በቢስማርክ ዘመን የወጣው ሕግ በፋብሪካና በመሳሰለው ሥራ የተሠማሩ ደሞዝተኞች ለሕመማቸው መድን እንዲገቡ አስገደደ። ከመዋጮው ሁለት ሦስተኛውን ሠራተኛው፣ አንድ ሦስተኛውን አሠሪው እንዲከፍሉ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ1889 ደግሞ የእርጅናና የአካል ጉዳት ጡረታ ሕግ ወጣ፤ የእርጅና ጡረታ ማግኛውም ዕድሜ 70 ዓመት ነበር። ይህ ታላቅ እርምጃ ቢሆንም የመድኑ በር ደሞዝ ነበር። ደሞዝ ያለው ይገባል፤ ደሞዝ የሌለው ከደጅ ይቀራል።

ይኸው ችግር በአሜሪካ ጎልቶ ታይቷል። በዚያ አገር የሕክምና መድን በአብዛኛው በሥራ ቦታ የሚገኝ በመሆኑ፣ ሠራተኛው ጡረታ ሲወጣ ደሞዙን ብቻ ሳይሆን መድኑንም ያጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከአገሪቱ አረጋውያን ግማሽ ያህሉ የሆስፒታል መድን አልነበራቸውም። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 1965 የፈረሙት ሜዲኬር የተባለው ሕግ 65 ዓመት የሞላውን ሰው በዕድሜው ምክንያት ወደ መድኑ አስገባው። በዚህ ሕግ የመድኑ በር ከሥራ ወደ ዕድሜ ተለወጠ ማለት ነው። እንግዲህ ስለ ማናቸውም የጤና መድን ሲጠየቅ፣ ስንት ገንዘብ ተሰበሰበ ከማለት አስቀድሞ በሩ የት ነው፣ በዚያስ በር አረጋዊው ሊገባ ይችላልን ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የመድኑ በር በደሞዝ ወይም በመኖሪያ መዝገብ ሲወሰን ምን እንደሚከተል ለመረዳት፣ በስደት ያረጁ ኢትዮጵያውያን የኖሩበትን የካርቱምን ሠፈር ጀሪፍን መመልከት ይጠቅማል። ጀሪፍ በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም በጥቁር ዓባይ ዳር የሚገኝ ሠፈር ነው። ወንዙ ከመካከል ስለሚያልፍ በስተምዕራብ ያለው ጀሪፍ ጋርብ፣ በስተምሥራቅ ያለው ጀሪፍ ሸርቅ ይባላል። ከኢትዮጵያ ደጋ በክረምት ተጠርጎ የሚወርደው ደለል በዚያ ዳርቻ ይከማቻል። ሠፈሩም ከዚሁ ጭቃ በሚሠራውና በምድጃ በሚጠበሰው ቀይ ሸክላ ጡብ የታወቀ ሆኖ ኖሯል። ከካርቱም ታላላቅ ሕንፃዎች ብዙዎቹ በዓባይ ዳር ጡብ የተገነቡ ናቸው።

እንደ ደለሉ ሁሉ ሰዎችም ከኢትዮጵያ ወደዚያ ወርደዋል። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ ዓመታት ጦርነትና የፖለቲካ ስደት፣ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ድርቅና ረኃብ ብዙ ሕዝብ ወደ ሱዳን አሻገረ። ከዚያም ወዲህ እንጀራ ፍለጋ በመተማ በኩል የሚሻገረው ሰው አልተቋረጠም። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ በካርቱም እንደ ደይምና እንደ ጀሪፍ ባሉት ሠፈሮች ተቀመጡ። ሴቶቹ በሰው ቤት ሠራተኝነት፣ በመንገድ ዳር ሻይና ቡና በመሸጥ፣ ወንዶቹም በግንበኝነት፣ በጋራዥ ሥራና በሾፌርነት ኑሯቸውን ገፉ። በሃያ ዓመታቸው የተሻገሩት በጊዜ ብዛት ስድሳና ሰባ ዓመት ሞላቸው። ወጣት ሆነው ለጥቂት ዓመታት ብለው የሄዱበት አገር የእርጅና አገራቸው ሆነ።

ሱዳን የራሷ የጤና መድን ሕግ ነበራት። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ1994 ወጥቶ፣ በተከታዩ ዓመት በዚሁ በጥቁር ዓባይ ዳር ባለው በሰናር ክፍለ ግዛት ሥራ ጀመረ። በሕጉ መሠረት ከሠራተኛው ደሞዝ በመቶ 4፣ ከአሠሪው በመቶ 6፣ በድምሩ በመቶ 10 ይዋጣ ነበር። የድኾችን መዋጮ በከፊል የዘካ መሥሪያ ቤት፣ በከፊል የገንዘብ ሚኒስቴር እንዲሸፍኑ ተደረገ። ዘካ በእስልምና ሃይማኖት ባለጸጋው ለድኻው የሚያወጣው ግዴታዊ ስጦታ ስለሆነ፣ ጥንታዊው የመረዳዳት ልማድ ከዘመናዊው መድን ጋር የተዋሐደበት ጥሩ ምሳሌ ነው። የመድኑ አባል ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ አገልግሎቱን ያገኛል፤ ለመድኃኒት ግን ከዋጋው አንድ አራተኛውን ራሱ ይከፍል ነበር።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ የጀሪፍ ኢትዮጵያዊት አረጋዊት ቦታዋ የት ነበር? ደሞዝ የሚከፍላትና የሚያዋጣላት የታወቀ አሠሪ የላትም፤ ሻይ የምትሸጠው በራሷ ምድጃ ነው። ጡረታ የላትም፤ ጡረታ ከደሞዝ የሚመነጭ ነውና። የአገሩ ዜጋ ስላልሆነች በድኾች መዝገብ አትቆጠርም። የመኖሪያ ፈቃዷ ጊዜው ካለፈ ደግሞ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት መቅረቡ ራሱ ያሠጋታል። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2008 ከ5 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናትና በቀዶ ሕክምና ለሚወልዱ እናቶች ነፃ ሕክምና ደንግጋ ነበር። ይህ የሚመሰገን ድንጋጌ ነው፤ ለእርጅና በሽታዎች ግን የሚደርስ አልነበረም። ስለዚህ ለደም ግፊትም ሆነ ለስኳር በሽታ የሚታዘዘው መድኃኒት የሚገዛው በየዕለቱ ከሚገኘው የሻይ ገንዘብ ላይ ተቀንሶ ነው።

የእነዚህ በሽታዎች ጠባይ ደግሞ ችግሩን ያከብደዋል። የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ሕመም ሳይሰማ ውስጥ ውስጡን የሚጎዳ ነው። ሕመምተኛው ሻል ያለው ሲመስለው ወይም ገንዘብ ሲያጥረው መድኃኒቱን ያቋርጣል። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ግን አንጎል ውስጥ ደም ሲፈስ ወይም የደም ሥር ሲዘጋ ግማሽ አካሉ ይያዛል። የስኳር በሽታም ካልታከመ ዐይንን፣ ኩላሊትንና እግርን ያበላሻል። በየወሩ በትንሽ ገንዘብ ሊገታ ይችል የነበረው በሽታ በመጨረሻ በብዙ ገንዘብም የማይመለስ ይሆናል። መድን ለአረጋውያን የሚሰጠው ትልቁ ጥቅም በጭንቅ ቀን የሆስፒታልን ዕዳ መክፈሉ ብቻ አይደለም፤ ጭንቁ ቀን እንዳይመጣ በየወሩ ያለ ሥጋት ወደ ሐኪም እንዲቀርቡ ማስቻሉ ነው።

በስደት ያሉ ኢትዮጵያውያን ይህን ጉድለት የሚሞሉት ከአገራቸው ይዘውት በሄዱት የመረዳዳት ልማድ ነው። ሰው ሲታመም ይዋጣል፤ ሲሞት እድርተኛው ይሰበሰባል፤ ዕቁብ የደረሰው ለባሰበት ይለቃል። ነገር ግን ይህ ልማድ በባሕርዩ ወሰን አለው። ለአንድ ቀን ቀዶ ሕክምና ማዋጣት ይቻላል፤ ለአንድ አረጋዊ ሃያ ዓመት ሙሉ በየወሩ መድኃኒት መግዛት ግን ለጎረቤት መዋጮ ይከብዳል። አዋጪዎቹም ራሳቸው ያለ ዋስትና የሚኖሩና አብረው የሚያረጁ ናቸው። ሣጥኑ ትንሽ፣ አደጋውም ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚነካ ስለሆነ መድን የሚጸናበት መሠረት በመካከላቸው አይገኝም።

የዚህ አኗኗር ደካማነት በገሃድ የታየው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ቀኑ ለኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች የትንሣኤ ዋዜማ፣ ለሙስሊሞችም የረመዳን ጾም መጨረሻ ሳምንት ነበር። በዚያ ጧት በሱዳን ጦርና ፈጥኖ ደራሽ በተባለው ኃይል መካከል በካርቱም ውጊያ ተከፈተ። በጦርነቱ ቀጠና ከነበሩት ሆስፒታሎች አብዛኞቹ ሥራቸውን አቆሙ። ከመድኃኒት ቤቶችም ብዙዎቹ ተዘጉ ወይም ተዘረፉ። የመድን ደብተር የነበረውም ያልነበረውም ያን ጊዜ እኩል ሆነ፤ መድን ሕክምናን ይከፍላል እንጂ ሐኪምና ሆስፒታል በሌሉበት ሕክምናን አይፈጥርምና። ጉልበት ያለው ወደ ገላባትና ወደ መተማ ተጓዘ። የታመመና ያረጀ ግን ረጅሙን መንገድ መቻሉ ብርቱ ፈተና ነበር። በመጋቢት ወር 2017 ዓ.ም. የሱዳን ጦር ካርቱምን መልሶ እስከያዘ ድረስ ከተማይቱ ሁለት ዓመት ገደማ የጦር ሜዳ ሆና ቆይታለች።

ድንበሩን ተሻግሮ ወደ አገሩ የተመለሰ አረጋዊ የሚገባበት የመድን በር በኢትዮጵያ ምን ይመስላል? በኢትዮጵያ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ የጡረታ ሕግ ያለ ቢሆንም፣ ለብዙ ዘመን የሚመለከተው የመንግሥት ሠራተኞችን ነበር፤ በ2003 ዓ.ም. የግል ድርጅት ሠራተኞችም እንዲታቀፉ ተደርጓል። በሕክምና ረገድ ደግሞ በ1990 ዓ.ም. የጸደቀው የጤና ፋይናንስ ስልት ጤና ድርጅቶች ከታካሚዎች የሚሰበስቡትን ገንዘብ ለአገልግሎታቸው ማሻሻያ እንዲያውሉት፣ መክፈል የማይችሉትም ተለይተው በነፃ እንዲታከሙ መንገድ ከፈተ። እንደ ክትባት፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና፣ የቤተሰብ ምጣኔና የወሊድ አገልግሎት ያሉት ለሁሉም በነፃ ይሰጣሉ። በዚህ ዝርዝር ውስጥም የእርጅና ዘመን በሽታዎች ጎልተው አይታዩም። በነፃ የሚታከሙት በአብዛኛው ተላላፊ በሽታዎችና ከእናትነትና ከሕፃንነት ጋር የተያያዙት ናቸው።

የጤና መድን በሁለት ዓይነት ታቅዷል። የመጀመሪያው በአዋጅ ቁጥር 690/2002 የተደነገገው ማኅበራዊ የጤና መድን ሲሆን፣ ለደሞዝተኞችና ለጡረተኞች የታሰበ ነው። ሠራተኛው ከደሞዙ በመቶ 3፣ አሠሪው በመቶ 3፣ ጡረተኛው ከጡረታ አበሉ በመቶ 1፣ መንግሥትም ለጡረተኛው በመቶ 1 እንዲያዋጡ በደንብ ተወስኖ ነበር። ጡረተኛው ከሠራተኛው ያነሰ እንዲያዋጣ መደረጉ የእርጅናን አቅም ያገናዘበ አሳብ ነው። ሆኖም አዋጁ ከወጣ በኋላ አፈጻጸሙ ለብዙ ዓመታት ዘግይቷል።

ሁለተኛው ገበሬውን፣ አርብቶ አደሩን፣ የእጅ ባለሙያውንና ነጋዴውን የሚመለከተው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ነው። ይህ መድን በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ። በአማራ ክልል የተመረጡት ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ ነበሩ። ከሙከራው በኋላ እየተስፋፋ ሄዶ የአገሪቱን አብዛኞቹን ወረዳዎች አዳርሷል። መዋጮው የሚሰበሰበው ብዙውን ጊዜ አዝመራ ከገባ በኋላ፣ ገበሬው እጁ ላይ ገንዘብ በሚኖርበት ወራት ነው። አባሉ ደብተሩን ይዞ መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ከአቅም በላይ ሲሆን ወደ ሆስፒታል ይመራል። መክፈል የማይችሉት ድኾች በቀበሌያቸው ሕዝብ ተለይተው፣ መዋጮአቸውን ወረዳውና ክልሉ ይሸፍኑላቸዋል። በፎገራ ሜዳ የሚኖር ገበሬ ሐኪም ቤት ለመሄድ በሬውን መሸጥ እንዳያስፈልገው የታሰበው በዚህ ዓይነት ነው።

ይህ መድን ከደሞዝ ይልቅ ቤተሰብን በር ስላደረገ ለአረጋውያን የቀረበ ነው። ቢሆንም አረጋውያንን የሚያሰናክሉ ነገሮች አልጠፉም። አንደኛው የመዝገቡ አያያዝ ነው። መዋጮው የሚሰላው በባል፣ በሚስትና ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች በሆኑ ልጆች ሲሆን፣ ከቤተሰቡ ጋር የሚኖሩ ሌሎች ሰዎች ተጨማሪ ይከፈልባቸዋል። ስለዚህ ከልጃቸው ጋር የተጠጉ እናት ወይም አባት የቤቱ ታላቅ ሲሆኑ በመዝገቡ ግን ተጨማሪ ሰው ይሆናሉ። ገንዘብ ባነሰው ቤት ውስጥ ደግሞ ተጨማሪው መዋጮ ሊቀር ይችላል።

ሁለተኛው የቦታ ጉዳይ ነው። መድኑ በወረዳ የተደራጀ በመሆኑ አባሉ የሚታከመው በተለይ ወረዳው ውል በገባባቸው ጤና ድርጅቶች ነው። አረጋውያን ግን ሲደክሙ ወደ ልጆቻቸው ይሄዳሉ፤ ከገጠር ወደ ከተማ፣ ከአንዱ ክልል ወደ ሌላው ይዛወራሉ። ከስደት የተመለሰም ሰው ለመመዝገብ የቀበሌ ነዋሪነት መታወቂያ ያስፈልገዋል። ሠላሳ ዓመት በውጭ የቆየ ሰው መታወቂያውን አውጥቶ፣ የምዝገባውን ወራት ጠብቆ፣ መዋጮውን ከፍሎ አባል እስኪሆን ድረስ በሽታው አይጠብቀውም።

ሦስተኛው የርቀትና የመድኃኒት ጉዳይ ነው። በደጋው አገር ከመኪና መንገድ ርቀው የሚኖሩ አረጋውያን ጤና ጣቢያ የሚደርሱት በእግር፣ በበቅሎ ወይም በቃሬዛ ነው። በአንዳንድ ቦታ መንደርተኛው በሽተኛ የሚሸከምበት የቃሬዛ ማኅበር መሥርቶ ይኖራል። ሐኪም ዘንድ ከተደረሰም በኋላ መድኃኒቱ ከጤና ጣቢያው ካለቀ የመድን ደብተር ብቻውን አያድንም። በየወሩ ለክኒን ብሎ ግማሽ ቀን የሚጓዝ ሽማግሌ፣ ሁለት ጊዜ ባዶ እጁን ከተመለሰ ሦስተኛውን ጉዞ ሊተወው ይችላል። በሚቀጥለው ዓመት መዋጮ ሲጠየቅም «ምን አገኘሁበት?» ማለቱ አይቀርም። በዚህ ምክንያት የመድኃኒት መጥፋት ሕመምተኛውን ብቻ ሳይሆን የመድኑን ሣጥንም ይጎዳል።

እነዚህ እንቅፋቶች መፍትሔ የሌላቸው አይደሉም። ጋና እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው የጤና መድን ሕግ 70 ዓመት የሞላቸውን ሰዎች ከመዋጮ ነፃ አድርጋለች። አረጋዊው ድኻ መሆኑን ለማስመስከር መንከራተት አያስፈልገውም፤ ዕድሜው ራሱ በቂ ምስክር ነው። የእነርሱን ድርሻ ከጠቅላላው ሕዝብ በግብርና በመዋጮ የሚሰበሰበው ገንዘብ ይሸፍናል። በኢትዮጵያም በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን እንክብካቤ እንዲያደርግ ይደነግጋል። ይህን መሠረት በማድረግ አረጋውያንን በዕድሜያቸው መመዝገብ፣ የአባልነት ደብተራቸው ከወረዳ ወረዳ እንዲያገለግል ማድረግ፣ የዘወትር መድኃኒታቸውንም በአቅራቢያቸው በሚገኘው ጤና ኬላ በኩል ማድረስ የሚቻልበትን መንገድ መፈለግ ይገባል። ለዚህ ሁሉ ገንዘብ ያስፈልጋል። ነገር ግን አስቀድሞ የተከፈለ የክኒን ዋጋ፣ ዘግይቶ ከሚከፈለው የሆስፒታል ዋጋ እንደሚያንስ የታወቀ ነው።

በስደት ላሉት ደግሞ ጉዳዩ የሁለት አገሮችን ስምምነት ይጠይቃል። ብዙ አገሮች አንድ ሠራተኛ በአንዱ አገር ያዋጣው በሌላው አገር እንዲቆጠርለት በማኅበራዊ ዋስትና ረገድ ውል ይዋዋላሉ። በቤት ሠራተኝነትና በመንገድ ዳር ንግድ ለሚተዳደሩት ግን እንዲህ ያለው ውል ብቻውን አይበቃም፤ መጀመሪያውኑ ያዋጡበት መዝገብ የለምና። ለእነዚህ ሰዎች ቢያንስ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ወቅት ሳይጠበቅ የሚመዘገቡበት በር ሊኖር ይገባል። በጉልበታቸው ዘመን ለወላጆቻቸውና ለታናናሾቻቸው ገንዘብ ሲልኩ የኖሩ፣ በላኩትም ገንዘብ ብዙ ቤት የተሠራበትና ብዙ ልጅ የተማረበት ስለሆነ፣ ለአገራቸው ያላዋጡ ሰዎች ናቸው ማለት አይቻልም።

እድር ሰው ሲሞት ይደርሳል፤ ለእያንዳንዱ አባል፣ ድኻ ሀብታም ሳይል፣ እኩል ድንኳን ይተክላል። ይህ ልማድ ሕዝቡ ለጋራ ሣጥን ማዋጣትን እንግዳ ነገር አድርጎ እንደማያየው ያሳያል። የጤና መድን ከእድር የሚለየው ሰው ሳይሞት አስቀድሞ መድረሱ ነው። ዛሬ በትምህርት ላይ ያለው ወጣት ነገ የሚያዋጣ ሠራተኛ፣ ከነገ ወዲያም መድኑ የሚያስፈልገው አረጋዊ ይሆናል። ስለዚህ ወጣቱ ለሽማግሌው ሲያዋጣ ለሌላ ሰው ምጽዋት እየሰጠ ሳይሆን፣ ራሱ ነገ የሚገባበትን ቤት ዛሬ እየሠራ መሆኑን መገንዘብ አለበት።